የበረራ ፈቃድ ሌላ፣ የበረራ ሥራ ሌላ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ላይ በየጊዜው አንዳንድ ታሪክ ስናቀርብ መቆየታችን ይታወቃል። ዘንድሮ ስለ አይሮፕላን አብራሪዎች ለመጻፍ መነሳታችን አንዳንድ አባላትን ሊያስገርም ይችላል። «ዕድርንና አይሮፕላንን ምን አገናኛቸው?» የሚልም አይጠፋም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እኛ ከመዝገብ ቤት ሥራችን በጡረታ ከተገለልን ወዲህ የሰፈሩ ወጣቶች ማመልከቻ ያጽፉናል፣ ወላጆችም ልዩ ልዩ ወረቀት ያሳዩናል። ከቅርብ ጊዜ ጀምሮ ልጃቸውን ባሕር ማዶ ልከው አብራሪ ለማድረግ የሚያስቡ ወላጆች በርከት ብለዋል። አንዱ ሱቁን ሊሸጥ፣ ሌላው ከዘመድ ሊበደር ያስባል። እንዲያውም ከአባሎቻችን መካከል ለዚሁ ጉዳይ ከዕድሩ ካዝና ብድር ይፈቀድልን ብለው በጽሑፍ የጠየቁ አሉ፤ ጥያቄውም ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ተላልፏል።

ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ የልጅ ዕድሜ ጥያቄም ነው። ስለዚህ ጉባኤው ከመሰብሰቡ በፊት፣ ቀደም ብለው በዚህ መንገድ ያለፉ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው ማወቅ ይጠቅማል ብለን አሰብን። ታሪኩን ስንመረምር ያገኘነው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፦ ፈቃድ ማግኘትና ሥራ ማግኘት ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው። የመጀመሪያውን በር የከፈተ ሁሉ ሁለተኛው ተከፍቶ አይጠብቀውም።

መጀመሪያ የምናነሳው የአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ታሪክ ነው። ስሟ ቤሲ ኮልማን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1892 በቴክሳስ ክፍለ ሀገር፣ 13 ልጆች ከተወለዱበት ድኻ ቤተሰብ ተወለደች። በልጅነቷ ጥጥ ለቅማለች፣ የሰው ልብስም አጥባለች። በኋላ ወደ ቺካጎ ከተማ ሄዳ በወንዶች ጠጉር ማስተካከያ ቤት የደንበኞችን ጥፍር እየሞረደች ትኖር ጀመር። ከዚያ ነው እንግዲህ አይሮፕላን መንዳት አለብኝ ብላ የተነሳችው። ያን ጊዜ በአሜሪካ ጥቁርን፣ ያውም ሴትን፣ ተቀብሎ በረራ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አላገኘችም። ቺካጎ ዲፌንደር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት ወደ ፈረንሳይ እንድትሄድ መከሯት። እሷም ፈረንሳይኛ ተምራ፣ ያጠራቀመችውንና ሰዎች የረዷትን ገንዘብ ይዛ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1920 ገደማ መርከብ ተሳፈረች።

ትምህርቷን የተከታተለችው በሰሜን ፈረንሳይ ለ ክሮቷ በምትባል ከተማ፣ የኮድሮን ወንድማማቾች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። የሚማሩበት አይሮፕላን ከእንጨት፣ ከሽቦና ከሸራ የተሠራ ነበር። አብሯት የሚማር አንድ ተማሪ ወድቆ ሲሞት አይታለች፤ ሆኖም ትምህርቷን አላቋረጠችም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1921 ዓለም አቀፍ የበረራ ፈቃድ ተሰጣት። ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ይህን ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ታዲያ አገሯ ስትመለስ ምን ሆነ? ጋዜጠኞች ከበቧት፣ ሕዝብም አጨበጨበላት። ሥራ ግን የሰጣት የለም። በዚያን ዘመን የመንገደኛ አየር መንገድ ገና በእግሩ አልቆመም ነበር፤ የነበረው የበረራ ሥራም ለእሷ የተከፈተ አልነበረም። የቀራት አንድ መንገድ በአየር ላይ ትርዒት እያሳዩ የመግቢያ ገንዘብ መሰብሰብ ነበር። ለዚህም ተጨማሪ ሙያ ስላስፈለጋት እ.ኤ.አ. በ1922 እንደገና ወደ አውሮፓ ሄዳ ተማረች። ከዚያ በኋላ በየከተማው እየዞረች ስትበር ኖረች። እ.ኤ.አ. በ1923 ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ምኞቷ ለጥቁር ወጣቶች የበረራ ትምህርት ቤት መክፈት ነበር፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ሳይሞላላት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1926 በፍሎሪዳ፣ ጃክሰንቪል ከተማ፣ አሮጌ አይሮፕላን በአየር ላይ ተገልብጦ ወደቀችና ሞተች። ዕድሜዋ 34 ነበር። የአደጋው ምክንያት ተብሎ የተነገረው በመሪው ማሽን ውስጥ የተሰነቀረ አንድ መፍቻ ነው።

ለእኛ ለዕድርተኞች ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነገር ልብ የሚነካ ነው። አስከሬኗ ወደ ቺካጎ ተወስዶ በቀብሯ ላይ 10,000 ያህል ሰው ተገኘ ይባላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቺካጎ ጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቁመው በየዓመቱ በመቃብሯ ላይ ዝቅ ብለው እየበረሩ አበባ ይጥሉላት ጀመር። በሕይወቷ ሥራ ያጣች ሴት በሞቷ ቀባሪና አስታዋሽ አላጣችም። እኛም ብንሆን ቀብሩ ላይ ማማርን እናውቅበታለን፤ ለቁም ሰው ቀድሞ መድረስ ግን ይበልጥ የሚከብድ ነገር ነው።

ያንን የቺካጎ ማኅበር ካቋቋሙት አንዱ ጆን ሮቢንሰን ነው፤ በዚህ ሰው በኩል ታሪኩ ወደ አገራችን ይገባል። ሮቢንሰን በሚሲሲፒ ያደገ፣ በቱስኪጊ ተቋም የአውቶሞቢል መካኒክነት የተማረ ሰው ነው። በቺካጎ የሚገኝ አንድ የታወቀ የበረራ ትምህርት ቤት በቀለሙ ምክንያት አልቀበልህም ቢለው፣ በዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠረ። መጥረጊያውን ይዞ በክፍሉ ጥግ እየቆመ መምህሩ የሚናገረውን ያዳምጥ፣ በሰሌዳ የተጻፈውንም ይገለብጥ ነበር ይባላል። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አይሮፕላን ሲገጣጥም መምህራኑ አይተው በመጨረሻ በተማሪነት ተቀበሉት። ፈቃዱን አገኘ፤ እሱም በተራው ሌሎች ጥቁር ወጣቶችን አስተማረ። ትልቁን የበረራ ኃላፊነት ግን ያገኘው በተወለደበት አገር ሳይሆን በእኛ አገር ነው።

ስለ አገራችን ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ የተባለ የፈረንሳይ አይሮፕላን ሲሆን ከጅቡቲ ያመጣው አንድሬ ማዬ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። ወዲያውም ዩንከርስ የተባለ የጀርመን አይሮፕላን ተከተለ። ተማሪ መፈለጉም አልዘገየም። እ.ኤ.አ. በ1930 ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ በማግኘት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ሚሽካ እዚሁ አዲስ አበባ ከሩሲያዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ነው። በዚያ ዘመን ሙሉእመቤት እምሩ የተባለች ወጣትም በረራ ትማር ነበር፤ የጣሊያን ወረራ ግን የብዙዎቹን ትምህርት አቋረጠው። ልብ ልንል የሚገባን ነገር አለ። መምህራኑ ከውጭ መጡ እንጂ ሥራው እዚሁ ነበር። ተማሪው ፈቃዱን ሲይዝ የሚነዳው አይሮፕላን፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ሜዳው ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

የዚያን ጊዜ ሌላም ነገር ሆኗል። ሂዩበርት ጁልያን የተባለ፣ በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒውዮርክ በጃንጥላ በመዝለል ስሙ የገነነ ሰው ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። በአለባበሱም በንግግሩም የታፈረ ሰው ነው፤ በቤተ መንግሥት ዘንድም ተወዶ ነበር። ይሁንና ከጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን አዲስ ትንሽ አይሮፕላን አንስቶ ከሰከሳት። እሱ ተረፈ፤ ሞገሱ ግን አልተረፈም፣ ወዲያው ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ዝና ሥራ ያስገኛል፤ ሥራውን የሚያቆየው ግን ሙያ ነው። አፍ ያቀለለውን እጅ አያነሳውም እንደ ማለት ነው።

ሮቢንሰን የመጣው በ1927 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ጦርነቱ ደጅ በደረሰ ጊዜ ነው። ያልተጋነነ፣ ሥራውን በዝምታ የሚሠራ ሰው ስለነበረ የአየር ኃይሉ አዛዥ ተደረገ። የነበሩት አይሮፕላኖች እጅግ ጥቂት ነበሩ፤ መሣሪያም ስላልነበራቸው መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ከማመላለስ በስተቀር የጣሊያንን አይሮፕላኖች መግጠም አይችሉም ነበር። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ዓድዋ በቦምብ ስትደበደብ እዚያው ነበረ። አገር ስትያዝ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1944 እንደገና መጥቶ የኢትዮጵያ ወጣቶችን በረራ አስተማረ። በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለታማሚ የሚሆን ደም ለማድረስ ሲበር በደረሰበት አደጋ ቆስሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዐረፈ። መቃብሩም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። የቤሲን መቃብር በአበባ ያስታወሰ ሰው የራሱ ዐፅም በእኛ አፈር ውስጥ ይገኛል።

ከነጻነት በኋላ የበረራ ትምህርት በሁለት በኩል ሄደ። አንደኛው የአየር ኃይሉ ነው። ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን፣ በወረራው ጊዜ የቀይ መስቀል አይሮፕላን ሲያበሩ የነበሩት ሰው፣ በደብረ ዘይት አየር ኃይሉን አደራጁ፤ ብዙ ወጣቶችም በዚያ ሠለጠኑ። ሁለተኛው የመንገደኛው በረራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር በተደረገ ውል ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። የመጀመሪያ በረራውን መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። አይሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ አምስት ሲ-47 ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁም አብራሪውም አሜሪካዊ ነበር። ኢትዮጵያዊው ዕቃ ይጭናል፣ ትኬት ይቆርጣል፣ እንግዳ ያስተናግዳል፤ መሪውን የሚጨብጠው ግን ሌላ ነው።

ያ ነገር የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የአየር መንገዱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆነው ሲ-47ን አበረሩ። አየር መንገዱ ከተቋቋመ 11 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር ማለት ነው። ይህ በአንድ ሌሊት የተገኘ ወንበር አይደለም። በመንገደኛ አይሮፕላን ላይ በግራ በኩል የሚቀመጠው አዛዡ ነው፤ በቀኝ የሚቀመጠው ረዳቱ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ያለው ርቀት በክንድ ቢለካ አንድ ክንድ ነው፤ በዕድሜ ሲለካ ግን የዓመታት መንገድ ነው።

በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957፣ በአሜሪካ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ማርሎን ግሪን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ዘጠኝ ዓመት ያህል በአገሩ አየር ኃይል አገልግሎ ተሰናበተ። ትልልቅ አይሮፕላኖችን ያበረረ፣ ከ3,000 ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ለብዙ አየር መንገዶች አመለከተ። በማመልከቻ ቅጹ ላይ ዘርን የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ ትቶ ለኮንቲኔንታል አየር መንገድ ባስገባው ጊዜ ለፈተና ተጠራ። ቀረበ፣ ተፈተነ። ይሁን እንጂ ከእሱ እጅግ ያነሰ ሰዓት የበረሩ ነጮች ሲቀጠሩ እሱ ቀረ። ግሪን ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ቤቱ አልገባም፤ በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር አድልዎን ለሚከላከለው ኮሚሽን አቤት አለ። ጉዳዩ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው ሲንከባለል ስድስት ዓመት ሊሞላ ተቃረበ። በመጨረሻ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1963 በሙሉ ድምፅ ፈረደለት። ሥራ የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ እስከ 1978 ድረስም በረረ። ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ያው አየር መንገድ አንድ አይሮፕላን በስሙ ሰየመለት።

እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ያሳለፍን ሰዎች የማመልከቻን ነገር እናውቃለን። አንድ ማመልከቻ «ይቆይ» ተብሎ በፋይል ውስጥ ሲቀመጥ ለጸሐፊው አንድ ወረቀት ነው፤ ለአመልካቹ ግን የቤት ኪራይ ነው፣ የልጆች ምሳ ነው። ግሪን ልጆች ያሉት ሰው ነበር፤ ከ3,000 ሰዓት በላይ በርሮ ነው ደጅ የጠናው። እንግዲህ ከእሱ ሁለቱን የመንግሥታት ታሪክ አወዳድሩት። በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በሀብት እጅግ በምትበልጠው አገር፣ በቂ ሙያ ያለው ሰው በሩ ተዘጋበት፤ በድኻዋ አገራችን ደግሞ የአገሩ ልጅ ካፒቴን ሆነ። ልዩነቱን ያመጣው የገንዘብ ብዛት አይደለም፤ የሚያሠለጥነውና የሚቀጥረው አካል የአገሬን ልጅ ለዚህ ወንበር እፈልገዋለሁ ማለቱ ነው።

አየር መንገዱ የራሱን የአብራሪ ትምህርት ቤት የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ከዚያ ወዲያ ለዚህ ትምህርት ባሕር መሻገር ግዴታ መሆኑ ቀረ፤ እንዲያውም ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ወደዚህ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2010 አምሳለ ጓሉ በአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። ሙሉእመቤት ከጀመረችበት ዘመን እስከዚህ ሰባ አምስት ዓመት ያህል አልፏል።

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በዓለም አቀፉ ደንብ አንድ ተማሪ የንግድ አብራሪነት ፈቃድ ለማግኘት 200 ሰዓት ያህል መብረር አለበት፤ በተፈቀደ ተከታታይ ሥልጠና ከሆነ 150 ይበቃዋል። በአሜሪካ በተለመደው መንገድ 250 ነው። ይህ ፈቃድ «ገንዘብ እየተከፈለው መብረር ይችላል» ማለት ነው እንጂ «ተቀጥሯል» ማለት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ከደረሰ ከባድ አደጋ በኋላ በ2013 በወጣው ደንብ፣ በመንገደኛ አየር መንገድ ረዳት ለመሆን እንኳ በመደበኛው 1,500 ሰዓት ያስፈልጋል። በመካከል ያለውን ከሺህ በላይ ሰዓት የአገሬው ልጅ ተማሪ እያስተማረ፣ ማስታወቂያ በአይሮፕላን እየጎተተ፣ የእርሻ መድኃኒት እየረጨ ይሞላዋል። በተማሪ ቪዛ የሄደ የውጭ አገር ልጅ ግን እንደ ልቡ መሥራት አይፈቀድለትም። አገሩ ሲመለስ ደግሞ የውጭው ፈቃድ በአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ተመርምሮ፣ ፈተናም ተፈትኖ መለወጥ አለበት። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ትልቅ የአይሮፕላን ዓይነት የተለየ ሥልጠና አለ፤ ወጪው ከባድ ነው።

ከዕድራችን አባላት የአንዲት እናት ልጅ የደረሰበትን ስም ሳንጠራ እንጥቀስ። እናቲቱ የገበያ ሱቃቸውን ሸጠው ልጁን ላኩት። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ፈቃዱን በጊዜው ይዞ መጣ። በመጣ ጊዜ ቤታቸው ድግስ ነበር፤ የዕድሩ ወንበርና ሳህን እንኳ ለዚያ ደስታ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አለፈ። ዛሬ በአንድ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅት ጸሐፊ ሆኖ ይሠራል። ሙያው እንዳይዝግ በየጊዜው መብረርና መፈተን አለበት፤ ለመብረር ደግሞ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ ገንዘቡ ከበረራ ሥራ ነው የሚገኘው። ክቡ ይኸው ነው። ልጁ ተስፋ አልቆረጠም፣ አሁንም ያነባል፣ ያመለክታል። እናቲቱን ስናገኛቸው ግን «ልጄ ሰማይ ነክቶ መጣ፤ መሬት የሚያስረግጠው ጠፋ እንጂ» ይሉናል።

ይህን የምናወራው ልጆችን ለማስፈራራት አይደለም። ቤሲ ባትሄድ ሮቢንሰን አይነሳም፤ ሮቢንሰን ባይነሳ የእኛ ልጆች አንድ ጥሩ መምህር ባጡ ነበር። የምንለው በቅደም ተከተል ይሁን ነው። አንደኛ፣ አንድ ብር ሳይከፈል በፊት ልጁ በአብራሪዎች ሐኪም ይመርመር፤ በዓይን ወይም በልብ ጉድለት ምክንያት ከመጨረሻ ላይ መመለስ ከባድ ኪሳራ ነው። ሁለተኛ፣ አገር ውስጥ ቀጣሪው ራሱ ተማሪ መርጦ የሚያሠለጥንበት ዕድል ካለ መጀመሪያ እዚያ ይሞከር፤ እዚያ ፈቃዱና ሥራው ተቀራርበው ይገኛሉና። ሦስተኛ፣ ውጭ መሄድ ግድ ከሆነ ወላጅ የትምህርቱን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ከፈቃዱ በኋላ ያለውን ባዶ ዓመትም ጨምሮ ያስላ። አራተኛ፣ «ሥራ እናስገባለን» የሚል ደላላ ሲመጣ ቃሉን በጽሑፍ ይስጥ፤ በጽሑፍ አልሰጥም ካለ መልሱ ታውቋል።

የብድሩን ጥያቄ በተመለከተ የእኛ ሐሳብ ግልጽ ነው። የዕድሩ ገንዘብ የድንኳንና የአስከሬን ገንዘብ ነው፤ የመበለቲቱ መዋጮ ያለበት ነው። ለአንድ ልጅ ትምህርት ቢወጣና ሥራው ቢዘገይ፣ በዚያው ሳምንት ሦስት ለቅሶ ቢመጣ ገንዘብ ያዡ ምን ይዞ ይቆማል? ስለዚህ ካዝናው ባይነካ ይሻላል እንላለን። ነገር ግን «አይሆንም» ብሎ ብቻ መበተንም ዕድርተኝነት አይደለም። ፈቃደኛ የሆኑ አባላት ከወርሃዊው መዋጮ ውጭ ለብቻው የትምህርት መረዳጃ ቢያቋቁሙ፣ መተዳደሪያ ደንብ ቢወጣለት፣ ተበዳሪውም ዋስ ቢጠራ፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ፣ አብራሪ የሚሆነውም አናጢ የሚሆነውም፣ ይጠቀሙበታል። የሐኪም ምርመራውን ወጪ ብቻ እንኳ ቢሸፍን ስንቱን ቤተሰብ ከኪሳራ ያድናል። ደንቡን የሚጽፍ ሰው ከጠፋ እኛ አለን፤ እጃችን ቢንቀጠቀጥም ብዕሩን ገና አልጣለም።

አባላት በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ሰዓት አክብረው እንዲገኙና በጉዳዩ ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ በአክብሮት እናሳስባለን። ለሁላችንም ጤናና ዕድሜ ይስጠን።